ከአሜሪካ ሥራ ቀደም ብለው ጡረታ ሊወጡ ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ በሲያትል፣ በአትላንታና በዳላስ በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በፓርኪንግና በታክሲ ሥራ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያሳለፉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዛሬ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ጉልበት ሳያልቅ ሥራ ማቆም፣ ከተቻለም አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ገብቶ መኖር በየማኅበሩና በየድግሱ የሚነሣ ወሬ ሆኗል። በዚህ ወሬ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት አጠራቀምክ?» የሚለው ነው። ቀደም ብሎ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ግን የገንዘቡን መጠን ያህል ገንዘቡ የሚገኝበት ዕድሜ ሊያሳስበው ይገባል፤ በአሜሪካ ሕግ የጡረታ ቁጠባው፣ ሶሻል ሴኩሪቲው (የመንግሥት ወርኃዊ የጡረታ ክፍያው) እና ሜዲኬሩ (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድኑ) የየራሳቸው የዕድሜ ገደብ አላቸውና። ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት እነዚህን ገደቦች አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

የጡረታ ቁጠባን እንደ ባንክ ሒሳብ መቁጠር

በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀመው 401ኬ በመደበኛው ደንብ ያለ ቅጣት የሚወጣው ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሚያወጣ ሰው ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን፣ ሠራተኛው 55 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራውን ከለቀቀ፣ በለቀቀው መሥሪያ ቤት 401ኬ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ያለ ቅጣት ሊያወጣ የሚችል መሆኑን ነው። ስህተቱ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ሥራ በተለቀቀ ማግስት «ገንዘብህን ወደ አይ አር ኤ፣ በግል ወደሚከፈተው የጡረታ ሒሳብ፣ ላዛውርልህ» የሚል የኢንቨስትመንት ሻጭ አይጠፋም፤ ገንዘቡ አንዴ ከተዛወረ ግን የ55 ዓመቱ መብት ይቀራል። ማዛወሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ሆኖም በ56 ዓመቱ የለቀቀ ሰው እስከ 59 ተኩል የሚያኖረውን ያህል በነበረበት ቢተወው ይሻለዋል። በቀድሞ መሥሪያ ቤቶች የቀሩ የቆዩ ሒሳቦች በዚህ መብት ስለማይሸፈኑ፣ የአሁኑ መሥሪያ ቤት ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ ከመልቀቅ በፊት ወደ አሁኑ ሒሳብ መጠቅለል ተገቢ ነው። ሮዝ አይ አር ኤ (Roth IRA)፣ ማለትም ግብር የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባበት የግል የጡረታ ሒሳብ፣ ያለው ሰው ደግሞ ራሱ ያስገባውን ዋናውን ገንዘብ፣ ትርፉን ሳይነካ፣ በማንኛውም ዕድሜ ያለ ግብርና ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላል።

የሶሻል ሴኩሪቲን ግምት እንዳለ ማመን

የሶሻል ሴኩሪቲ መግለጫ በተለያየ ዕድሜ የሚገኘውን ወርኃዊ ክፍያ ያሳያል። ያ ግምት የሚሠራው ሰውየው እስከዚያ ዕድሜ ድረስ በአሁኑ ገቢው መሥራቱን ይቀጥላል ተብሎ ስለሆነ፣ በ57 ዓመቱ የሚያቆም ሰው ቁጥሩን ወስዶ ቢያቅድ ከጅምሩ ተሳስቷል። ለስደተኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ክፍያው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት አማካይ ነው፤ በ32 ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ በ57 ዓመቱ የሚያቆም ሰው 25 ዓመት ብቻ ስለሠራ፣ የቀሩት ዐሥር ዓመታት በዜሮ ይሞላሉ። ቀመሩ ዝቅተኛ ገቢ ለነበራቸው የሚያደላ በመሆኑ ጉዳቱ አንዳንዶች የሚፈሩትን ያህል ላይከፋ ይችላል፤ ነገር ግን ግብር ሳይታወጅለት በጥሬ ገንዘብ የተሠራ የታክሲም ሆነ የምግብ ቤት ሥራ በዚህ ስሌት ውስጥ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ክፍያውን በ62 ዓመት መጀመርም በችኮላ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱ ሙሉው የጡረታ ዕድሜ 67 ነው፤ በ62 የሚጀምር ሰው የሙሉውን 70 በመቶ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ያገኛል፣ እስከ 70 የሚታገሥ ደግሞ 124 በመቶ ያገኛል። ባለትዳር ከሆኑ ነገሩ የሁለቱም ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት በሕይወት ለቀረው የሚተላለፈው ከፍተኛው ክፍያ በመሆኑ፣ የተሻለ ደመወዝ የነበረው ባል በ62 ቢቸኩል የሚቀንሰው ምናልባት ከእርሱ በኋላ ሃያ ዓመት የምትኖረውን ሚስቱን ገቢ ነው።

እስከ 65 ያለውን የጤና መድን ክፍተት መርሳት

ሜዲኬር በ65 ይጀምራል። በ58 የሚያቆም ሰው ሰባት ዓመት መድኑን ራሱ መግዛት አለበት፤ በእኔ አስተያየት የብዙዎችን ዕቅድ የሚያፈርሰው ይህ ወጪ ነው። ኮብራ በተባለው ሕግ አማካይነት የመሥሪያ ቤቱን መድን አብዛኛውን ጊዜ ለ18 ወራት ማቆየት ይቻላል፣ ግን አሠሪው ይሸፍን የነበረው ድርሻ ጭምር በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ በመንግሥት የመድን ገበያ የሚገኘው ድጎማ በዓመታዊ ገቢ የሚወሰን ስለሆነ፣ ከ401ኬ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ገቢ እየተቆጠረ ድጎማውን እንዳያሳጣ በየዓመቱ ማስላት ያስፈልጋል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱ ደግሞ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚገኝ ሕክምና በአጠቃላይ እንደማይከፍል ማወቅ አለባቸው። «እንግዲያ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ፓርት ቢን፣ ማለትም የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ መተው አጓጊ ነው። ሆኖም ሠራተኛ በመሆን የሚገኝ ሌላ መድን ሳይኖረው የዘገየ ሰው፣ ላለፈው ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ተጨምሮበት ዕድሜ ልኩን ይከፍላል። ለልብ ወይም ለካንሰር ሕክምና ወደ አሜሪካ መመለስ እንደሚቻል ተስፋ የሚያደርግ ሰው ይህን ከወዲሁ ይመዝን።

የ30 ዓመትን መለኪያ ለ40 ዓመት መጠቀም

በየዓመቱ ከቁጠባ 4 በመቶ ማውጣት ይበቃል የሚለው ልማድ የመጣው ዊልያም ቤንገን የተባለ የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ካቀረበው ስሌት ሲሆን፣ ስሌቱ የታሰበው ለ30 ዓመት ነበር። በ55 የሚያቆም ሰው ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ሊኖር ስለሚችል ዝቅ አድርጎ ቢጀምር ይሻላል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አደገኞች ናቸው፤ እንደ 2008 ያለ የገበያ ውድቀት በዚያ ወቅት ሲመጣ ያለውን አክሲዮን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳልና፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ወጪ በቁጠባ ሒሳብ ቢኖረው ገበያው እስኪያገግም መጠበቅ ይችላል።

ሁሉን ወደ ብር መለወጥ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አስቀድሞ ሁሉን ወደ ብር ለውጦ በባንክ ያስቀመጠ ሰው በዶላር ሲቆጠር ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ በዶላር ይዞ በየጊዜው የሚያስፈልገውን ብቻ የሚልክ ግን አልተጎዳም። መኖሪያ ቤት መግዛት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ያለው ሰው ቤት በስሙ ማፍራት ይችላል። የሚዘነጋው የአሜሪካ ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአዲስ አበባውን የቤት ኪራይ ገቢ ለአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ ማሳወቅ እንዳለበት፣ በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ በድምሩ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈም የተለየ መግለጫ እንደሚሞላ ነው። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ሳያወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ መኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ለዘመድ የሚወጣውን በበጀት አለማስገባት

በስልክ «እስቲ በወሩ መጨረሻ አያለሁ» ማለት የሚቻለውን በር ላይ ለቆመ የእኅት ልጅ ማለት አይቻልም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምናና ለትምህርት የሚሰጠው አስቀድሞ በዓመት ተወስኖ ለብቻው ካልተቀመጠ ከቤቱ አስቤዛ ላይ ይቆረጣል።

በገና ሰሞን ዓይን መወሰን

አብዛኛው ሰው አገሩን የሚጎበኘው ለገናና ለጥምቀት ነው። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዘመድ ፈቃድ ይወስዳል፣ የውጭ አገር ጓደኞችም በብዛት ይመጣሉ። ቤት ከመሸጥ በፊት ሐምሌና ነሐሴን ጨምሮ ጥቂት ወራት ቤት ተከራይቶ መኖር ይሻላል፤ መብራትና ውኃ ሲጠፋ፣ ጓደኛ ሁሉ ሥራ ሲውል ማክሰኞ ከሰዓት ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው ያኔ ነው። የባልና የሚስት ዕቅድም ሊለያይ አይገባም፤ እርሱ ቢሾፍቱ ላይ ቤት ሲያልም እርሷ ሜሪላንድ የልጅ ልጆቿን ለማሳደግ ቃል ገብታ ሊሆን ይችላል፣ ይህም በግልጽ ሳይነጋገሩበት ለዓመታት ይቆያል።

ካፌ ወይም እንግዳ ማረፊያ ለመክፈት የሚያስቡም አሉ። ሥራውን ቀድሞ ላልሠራው ሰው ይህ ጡረታ መውጣት ሳይሆን በጡረታ ገንዘብ አዲስ ሥራ መጀመር ነው፤ በነርስነት ወይም በሒሳብ ሥራ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሰው ያንኑ ሙያውን በማሠልጠን ቢያገለግል ካፒታሉን አያጋልጥም። አሜሪካ የሚቀር ደግሞ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ይልቅ የጤና መድን የሚሰጥ የከፊል ቀን ሥራ ቢያገኝ፣ ሁለቱን ከባድ ችግሮች፣ መድኑንና ባዶውን ቀን፣ በአንድ ላይ ያቃልላል። ከ62 በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ እየተቀበለ የሚሠራ ከሆነ ግን ገደብ አለው፤ ሙሉው የጡረታ ዕድሜው ከሚደርስበት ዓመት በፊት ባሉት ዓመታት ከተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በ2025 ከ23,400 ዶላር፣ በላይ በደመወዝ ለሚገኝ ለየሁለት ዶላር አንድ ዶላር ከክፍያው ይያዛል፤ በዚህ ምክንያት ክፍያ ያልተሰጠባቸው ወራት 67 ሲሞላ ታስበው ወርኃዊ ክፍያው ከፍ ይደረጋል።