ኮዳችሁ 2147483647ን «ብቸኛ ቁጥር አይደለም» ካለ

ጅማ ውስጥ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማሩ ልጆችን ሳስጠና ይህ ችግር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ባለፈው ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ ዝናብ ይዞን አንድ ካፌ ተጠለልን። እዚያም ሁለት ሰዓት ሙሉ አደከመን። እናንተም ጋ ሊመጣ ስለሚችል ከነመፍትሄው ልጻፈው።

ምልክቱ

ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር ብቸኛ (ፕራይም) መሆን አለመሆኑን ይፈትሻል። 7ን፣ 97ን፣ 8191ን ብቸኛ ቁጥር ናቸው ይላል። ልክ ነው። 2147483647 ሲሰጠው ግን ዝም ይላል። የላፕቶፑ ፋን መጮህ ይጀምራል። ቆይቶ ቆይቶ «ብቸኛ አይደለም» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ይህ ቁጥር ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ እንደሌለው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 (እ.ኤ.አ.) አረጋግጧል።

ልጆቹ ወዲያው ላፕቶፑን ይወቅሳሉ፤ ራም አነሰው ይላሉ። ላፕቶፑ ምንም አላጠፋም።

መንስኤው

የተለመደው ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሰራው የኮዱ ክፍል) አካፋይ ፍለጋ ከ3 ተነስቶ በ2 በ2 እየጨመረ ይሄዳል። «አካፋይ × አካፋይ ≤ ቁጥር» እስከሆነ ድረስም ይሞክራል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አንድ ቁጥር የሚከፈል ከሆነ ቢያንስ አንዱ አካፋይ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የዚህኛው ስኩዌር ሩት 46341 አይሞላም። ሉፑ እዚያ ጋ መቆም ነበረበት።

ግን ቁጥሩ 2³¹ − 1 ነው። ይህ ደግሞ ጃቫ ሙሉ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ኢንት የተባለው ዓይነት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ነው። 46341 በራሱ ሲባዛ 2147488281 ይሆናል፤ ኢንት አይችለውም። ጣሳ ሲሞላ ቡናው ሲፈስ ታያላችሁ። ኢንት ሲሞላ ግን ምንም ሳይናገር ወደ ኔጌቲቭ ይዞርና −2147479015 ይላል። ከ2147483647 የሚበልጥ ቁጥር ኢንት ውስጥ ጭራሽ ስለሌለ ሉፑ መውጫ ያጣል። ሲቆጥር ሲቆጥር ራሱ 2147483647 ላይ ይደርሳል። ቁጥሩን በራሱ ያካፍልና ቀሪው ዜሮ ይሆናል። አገኘሁት ያለው አካፋይ ቁጥሩ ራሱ ነው!

መፍትሄው

ማባዛቱን ተዉት። «አካፋይ ≤ ቁጥር ÷ አካፋይ» ብላችሁ ጻፉ። አካፋዩን ሎንግ (ከኢንት የሚበልጥ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ማድረግም ይሰራል። ፓይተን ላይ ችግሩ አይመጣም። ሲ++ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ኢንት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ቋንቋው ዋስትና አይሰጥም።

ሰራ፣ ግን አሁንም ብዙ ይሞክራል?

እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው። ከ3 እስከ 46340 ድረስ 23169 ጎዶሎ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። የ2³¹ − 1 አካፋይ የሚሆን ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ62 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩ፣ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ ይቀራል። እነዚህ 373 ብቻ ናቸው። ኦይለር ያለ ኮምፒውተር የጨረሰውም በዚህ መንገድ ነው። ሉፑን ከ63 አስጀምሩና አንዴ 186፣ አንዴ 62 እየጨመራችሁ ሂዱ።