የአሮጌ ፎር ዊል ቫን የሴሚያስ ቡት ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴሚያስ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርስ ዘንግ ነው፤ ቡቱ ደግሞ የዘንጉን መጋጠሚያ (ጆይንት) የሚሸፍን እጥፋት ያለው ላስቲክ ነው። ሥራው ሁለት ነው። ግራሶውን ጆይንቱ ውስጥ ያቆያል፤ አቧራና ውሃ እንዳይገባ ደግሞ ይከለክላል። ዋጋው ትንሽ ነው። እሱ ሲቀደድ የሚበላሸው ግን ውዱ ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም ሴሚያሱ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ቡት መቀየር ላስቲክ መለወጥ ብቻ አይደለም። ጆይንቱን አጽድቶ፣ በትክክለኛው ግራሶ ሞልቶ፣ አሽጎ መዝጋት ነው። አዲስ ቡት ተገጥሞለት ብዙም ሳይቆይ የጎማው የውስጥ ጎን እንደገና በግራሶ የሚለቀለቅ ቫን አለ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቡቱ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው።

አሮጌ ቫን ላይ ሥራው ትንሽ ይጠነክራል። የዛገ ዳዶ አለ። ከዚህ በፊት ማን ምን እንደገጠመበትም አይታወቅም። ቢሆንም ጊዜ ሰጥቶ ለሚሠራ ሰው የሚቻል ሥራ ነው።

"በፎር ዊል ስለማልነዳ ግድ የለም" ማለት

የፊት ቡት ተቀድዶ እያዩ "እኔ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የምነዳው" ብለው የሚተዉት አሉ። ይህ የሚያስኬደው አንዳንድ መኪና ላይ ብቻ ነው። የፊት ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ላይ ፍሪ ሃብ፣ ማለትም ጎማውን ከሴሚያሱ የሚያላቅቅ መቆለፊያ፣ ካለና ከተለቀቀ የፊት ሴሚያስ አይዞርም። ፍሪ ሃብ ከሌለ ግን ሞተሩ ወደ ፊት ኃይል ባይልክም ጎማው ራሱ ሴሚያሱን ይዞት ይዞራል። ጆይንቱም በግራሶ ፋንታ አሸዋ ይዞ ይሠራል። ቮልስዋገን ቲ3 ሲንክሮ የተባለው ቫን ላይ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉ በቪስኮስ ካፕሊንግ (በወፍራም ፈሳሽ ኃይል በሚያስተላልፍ ማያያዣ) በኩል ዘወትር የተገናኘ ነው።

ደግነቱ ቡት ከመቀደዱ በፊት ምልክት ይሰጣል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው የቡቱን እጥፋቶች በጣት ከፈት እያደረጉ ይዩ። ስንጥቁ የሚጀምረው እጥፋቱ ሥር ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ተደብቆ አይታይም። በዚህ ጊዜ ከደረሱበት ጆይንቱ ገና ጤነኛ ነው፤ ሥራው ሁሉ ይቀልልዎታል።

ጆይንቱን ሳይመረምሩ አዲስ ቡት ማልበስ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ነውና።

የተለመደው ፈተና መሪውን ሙሉ ጠምዝዞ ቀስ ብሎ ክብ መንዳት ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ በጎማው በኩል ያለው የውጪው ጆይንት እያለቀ ነው። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ጓ የሚል ወይም ሲያፈጥኑ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ በካምቢዮው ወይም በዲፈረንሻሉ በኩል ያለውን የውስጠኛውን ይጠርጥሩ። ፎር ዊሉ በማርሽ የሚገባና የሚወጣ አሮጌ ቫን ላይ ግን ይህ ፈተና ያታልላል። መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ ሲሄድ የፊት ጆይንት ይዞራል እንጂ ጭነት የለበትም። ያለቀ ጆይንት እንኳ ዝም ሊል ይችላል። ፎር ዊሉን አስገብቶ መሞከር ያስፈልጋል። እሱም ጠጠር ወይም ልል አፈር ላይ ይሁን። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መሪ መጠምዘዝ የመሃል ዲፈረንሻል በሌለው መኪና ላይ ማርሹንና ሴሚያሱን ያስጨንቃል።

ከፈቱት በኋላም ይመርምሩ። አሮጌውን ግራሶ በሁለት ጣት አሽተው ይሞክሩት። የሚቆረቁር ነገር ካለ አሸዋ ገብቷል። ጆይንቱን አጥበው ኳሶቹ የሚሄዱባቸውን ቦዮች በጥሩ ብርሃን ያስተውሉ። የሚያብረቀርቅ መስመር ጤናማ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ፣ የተላጠ ብረት ወይም ኳሶቹን በያዘው ቀፎ ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ጆይንቱ ይቀየር። ከሙቀት የተነሣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ብረትም ጥሩ ምልክት አይደለም። አዲስ ቡት የተጎዳ ጆይንት አያድንም። ድምፁ መሰማት ከጀመረ በኋላ ቡት ብቻ መቀየር፣ በእኔ እምነት፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት መወሰን ነው።

ተሰንጥቆ የሚለጠፍ ቡት እንደ መፍትሔ መውሰድ

ሴሚያሱን ሳያወጡ ዙሪያውን ጠቅልሎ በማጣበቂያ ወይም በቡሎን የሚዘጋ ቡት ይሸጣል። ያማልላል። ነገር ግን ማጣበቂያው የሚይዘው መጋጠሚያው ፍጹም ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ነው። ግራሶ በተረጨበት መኪና ሥር ተኝቶ ይህን ማግኘት ከባድ ነው። ጆይንቱም በደንብ አይታጠብም። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው እሺ። ለዘለቄታው ግን ሙሉውን ቡት ይምረጡ።

ሞዞውን ሲፈቱ መቸኮል

የሞዞውን ትልቅ ዳዶ መኪናው መሬት ላይ ሳለ ያላሉት። ክሪክ ላይ በተሰቀለ ቫን ረጅም መፍቻ መጎተት መኪናውን ሊጥለው ይችላል። ቫን ከባድ ነው፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥሩ መግባት የለም። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባ፤ የቀሩት ጎማዎችም ይታገዱ። የፍሬኑን ካሊፐር ከፈቱት በሽቦ ይሰሩት እንጂ በቱቦው አያንጠልጥሉት።

ሴሚያሱን ከካምቢዮው ወይም ከዲፈረንሻሉ ሲያወጡ ዘንጉን ይዞ መጎተትም ስህተት ነው። የውስጠኛው ጆይንት ቡቱ ውስጥ ሊለያይና ኳሶቹ ወይም ሮለሮቹ ሊወድቁ ይችላሉ። የጆይንቱን አካል ከሥሩ በብረት ቀስ ብለው ፈልቅቁት፤ ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ቀለበት) እንዳይነኩ ይጠንቀቁ። ዘይት ስለሚፈስ ዕቃ ከሥር ያድርጉ። በፍላንጅ (ክብ የብረት ሳህን) ላይ በቡሎን የታሰረ ሴሚያስ ከሆነ ደግሞ የቡሎኖቹን ጭንቅላት ቀዳዳ ከቆሻሻ ሙልጭ አድርገው ያጽዱ። ቲ3 ላይ አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ቁልፍ ነው የሚገባው። በግማሽ ገብቶ ከዞረ ጥርሱን ይበላውና ሌላ ሥራ ይፈጥርልዎታል።

የማይወጣውን ጆይንት በመዶሻ ማውረድ

አንዳንዱ የውጪ ጆይንት ዘንጉ ላይ በመቆለፊያ ቀለበት የተያዘ ነው። ቀለበቱን ከፍተው ወይም የውስጡን ብረት በነሐስ መምቻ መታ መታ አድርገው ያወጡታል። ብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ግን የውጪው ጆይንት ከዘንጉ እንዳይለይ ሆኖ ነው የተሠራው። እንዲህ ከሆነ ውስጠኛውን ጆይንት ፈትተው አዲሱን የውጪ ቡት በዚያ በኩል አሻግረው ያስገቡታል። ይህን ያላወቀ ሰው የማይወጣውን ጆይንት ሲደበድብ ይውላል። መጨረሻ ላይ ቀፎውን ይሰነጥቃል። ከመጀመርዎ በፊት የመኪናዎን የጥገና መጽሐፍ ይመልከቱ።

ከዚህ ጋር አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ከመለያየትዎ በፊት ጆይንቱና ዘንጉ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ በፑንቶ (ብረት ላይ ነጥብ መምቻ) አይምቱት። ሲመለስ ክፍሎቹ ለዓመታት አብረው በተለማመዱበት ቦታ ይግቡ። ሮለር ያለው የውስጥ ጆይንት ከሆነ ፊቱና ጀርባው እንዳይምታታ ፎቶ ያንሱ።

ግማሽ አጥቦ ያገኙትን ግራሶ መሙላት

የተቀደደ ቡት ውስጥ የነበረ ግራሶ ከአሸዋ ጋር ተለውሷል። ከላይ ከላይ ጠርጎ አዲስ መጨመር አሸዋውን እዚያው መተው ነው። ጆይንቱን በማጠቢያ ፈሳሽ እያዘነበሉና እያዟዟሩ ይጠቡ። ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አምጥተው ከኋላቸው ያለውን ቦይ ያጽዱ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ውስጡ የቀረ ማጠቢያ አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋል። ቤንዚን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ፤ በእሳት በኩል ያለው አደጋ አያዋጣም።

ግራሶው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኩሽኔታ ግራሶ ቤት ውስጥ ስላለ እሱን ይጠቀጥቃል። የኳስ ጆይንት የሚፈልገው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ጠቆር ያለ ግራሶ ነው። ኳሶቹ በትንሽ ነጥብ ላይ ከባድ ጭነት ስለሚሸከሙ፣ ግራሶው ተጨፍልቆ ሲሳሳ እንኳ ይህ ንጥረ ነገር ብረቱን ከብረት ይለያል። ሮለር ያለው የውስጥ ጆይንት ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ግራሶ አለው። የሁለቱ ከረጢት በአንድ ካርቶን ከመጣ የትኛው የማን እንደሆነ ይለዩ፤ አይቀላቅሉ።

መጠኑም ይታሰብ። ከቡቱ ጋር የሚመጣው ከረጢት ለጆይንቱ ተለክቶ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጆይንት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ግራም አካባቢ ነው። አብዛኛውን ኳሶቹ መሃል እስኪወጣ ድረስ በአውራ ጣት ገፍተው ያስገቡ፤ የቀረውን ቡቱ ውስጥ ያድርጉ። "ይብዛለት" ብሎ ሁለት እጥፍ መጨመር ቡቱን ያሳብጠዋል፤ ግፊቱም ቡቱን ጨምቆ በሚያስረው ቀለበት፣ በፋሼታው፣ ሥር መውጫ ይፈልጋል።

በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር

ያለቀለትን ሥራ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበት ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም። በሙቀት ይላላል፤ ቡቱ ሲዞርም ይንሸራተታል። ከቡቱ ጋር የመጣውን የብረት ፋሼታ በራሱ ፒንሳ ይሰሩት። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ጆሮ የጠበቀ ይመስላል፤ በጣት ሲዞር ግን ይንቀሳቀሳል። ቡቱ ጠንከር ካለ ፕላስቲክ መሰል ላስቲክ የተሠራ ከሆነ ከተለመደው ጎማ ይበልጥ ኃይል ይጠይቃል። ለስላሳውን ጎማ ግን ከመጠን በላይ ካጠበቁት ይቆርጡታል።

ከማሰርዎ በፊት ሦስት ነገር ይዩ። የቡቱ ጠባብ አፍ ዘንጉ ላይ በተሠራለት ቦይ ውስጥ ይቀመጥ። አፉ የሚያርፍበት ብረት ላይ ግራሶ አይቅር፤ ካለ ይንሸራተታል። ቡቱም አይጣመም።

አየሩም አይዘንጋ። ሴሚያሱ ተጨምቆ ወይም ተለጥጦ ሳለ ከታሰረ ውስጡ አየር ይበዛል ወይም ያንሳል። ያኔ ቡቱ ይነፋል፣ ወይም እጥፋቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ዘንጉን እየታከከ ይቀደዳል። የሚንሸራተት የውስጥ ጆይንት ከሆነ ሴሚያሱን በጥገና መጽሐፉ ላይ በተጻፈው ርዝመት ያድርጉት። ከዚያ አፉ ዱልዱም የሆነ ቀጭን ካቻቢቴ በጠባቡ አፍ ሥር አስገብተው አየሩ እንዲስተካከል ያድርጉ። እጥፋቶቹ ተፈጥሯዊ ቅርጻቸውን ሲይዙ ይሰሩት።

ሲመለስ የሚረሱ ነገሮች

የሞዞውን ዳዶ በግምት አያጥብቁ። በብዙ መኪና ላይ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከመጽሐፉ ይውሰዱ። ጠርዙ ተመትቶ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ አዲስ ዳዶ ይግዙ። ፍሪ ሃብ ያላቸው አሮጌ ቫኖች ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ የሞዞው ዳዶ የኩሽኔታውን ልክ ስለሚወስን እንደ ሌላው በኃይል ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል። ቲ3 ላይ የፍላንጁ ቡሎኖች በ45 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

ሴሚያሱ ያልታሰረበትን ጎማ መሬት አስነክቶ መኪናውን መግፋትም ኩሽኔታውን ሊጎዳ ይችላል። የፈሰሰውን የዲፈረንሻል ወይም የካምቢዮ ዘይት መመለስ አይርሱ። ሴሚያሱ በወጣበት ጊዜ ፓራኦሊዮውን መቀየርም ብልህነት ነው።

ቡቱ ለምን እንደተቀደደ አለመጠየቅ

በዕድሜ ከሆነ የቀሩትም ቡቶች እኩያ ናቸው፤ አብረው ይታዩ። ግን ሌላ ምክንያትም ይኖራል። ከላይ የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት ላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ከፍ እንዲል የተደረገ ቫን ላይ ደግሞ ሴሚያሱ በሰፊ ማዕዘን ስለሚሠራ እጥፋቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ይህ ካልተስተካከለ አዲሱም ቡት ያንኑ ዕጣ ያገኛል።

ጥቂት ከነዱ በኋላ ጎማውን ከውስጥ በኩል በመብራት ይዩት። በፋሼታው ዙሪያ ስስ ቅባት ካለ ሲገጠም የቀረ ሊሆን ስለሚችል ጠርገው እንደገና ይንዱ። በዚያው ቦታ አዲስ ግራሶ ከታየ ፋሼታው አልያዘም ማለት ነው። ፈትተው በአዲስ ፋሼታ ይሰሩት።