ፎንቱ ተጭኗል፣ አማርኛው ግን አይነበብም፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምፒውተር ላይ አማርኛ አልነበብ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ፎንት ወደ መጫን ነው። አንዱ አልሰራ ሲል ሌላ ይደርባል። ከጓደኛ በፍላሽ ይቀበላል፣ ከቴሌግራም ያወርዳል። የፎንቱ ዝርዝር ረዝሞ ረዝሞ ማለቂያ ያጣል፣ ደብዳቤው ግን እንደዚያው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ፎንት አይደለም። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የምታዩት ምን እንደሆነ ለዩ። ባዶ ሳጥን ነው? የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው? ወይስ እናንተ ጋ ደህና ሆኖ ሌላ ቦታ ነው የሚበላሸው? መንስኤያቸው ለየብቻ ነው።

ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየኝ

ይሄ ቀላሉ ነው። ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወይም ፕሮግራሙ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት አላገኘም ማለት ነው።

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 እና 11 ግን አማርኛውን የሚያሳየው ኢብሪማ ነው። ኒያላ አልጠፋም፤ ካልጠየቃችሁት አይጫንም እንጂ። በኒያላ የተጻፈ የድሮ ሰነድ አዲስ ላፕቶፕ ላይ መልኩ ተቀይሮ የሚከፈተውም ለዚህ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ መፈለጊያው ላይ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብላችሁ ፈልጉ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ኢትዮፒክ ሰፕለመንታል ፎንትስ የሚለውን ጫኑ። ከማይክሮሶፍት በቀጥታ ነው የሚወርደው፣ ክፍያ የለውም። አማርኛን ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ብትጨምሩም አብሮ ይመጣል። ማክ ላይ ከፋ የሚባል ፎንት ስላለ ይሄ ችግር እምብዛም አያጋጥምም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኖቶ የሚባለውን የፎንት ጥቅል መጫን ይበቃል።

አማርኛው በብሮውዘር በደንብ እየታየ ቪዲዮ ማቀናበሪያው ወይም የዲዛይን ፕሮግራሙ ላይ ብቻ ሳጥን ከሆነ ምንም አትጫኑ። ብሮውዘር የመረጣችሁት ፎንት ፊደሉ ከሌለው ራሱ ሌላ ፈልጎ ይተካል። አንዳንድ ፕሮግራም ግን በኤሪያል ጻፍ ካላችሁት በኤሪያል ሙጭጭ ይላል። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን በእጃችሁ ወደ ኢብሪማ ወይም ወደ ሌላ የአማርኛ ፎንት ቀይሩት።

እንደ እንግሊዝኛ ያለ ዝብርቅርቅ ነገር ይታያል

ራስ ምታቱ ይሄኛው ነው። መንስኤውን ሳያውቁ መፍታት ስለማይቻል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ዩኒኮድ ማለት ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ምርጫ አልነበራቸውም። የአማርኛውን ቅርጽ የእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው። ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። በዘመኑ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ብቻ 231 ነው። ሏ፣ ቋ፣ ጧ የሚሉት አሉ፣ የግዕዝ ቁጥሮች አሉ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ሁሉም በየራሱ አቀማመጥ ነው የሠራው። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና ስትሉ የምታስታውሷቸው እነዚህን ነው።

እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ውስጥ አማርኛ የለም። ያለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲታጣ እውነተኛው ይዘት ይገለጣል። ፎንቱን ወደ ኒያላ ብትቀይሩት ለውጥ የማይኖረውም ለዚሁ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ከተቀየረ የድሮው ዓይነት ነው። ከተጠራጠራችሁ ዊንዶውስ ላይ ባለው ወርድ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ሰላም ከሚለው ቃል ሰ ፊደል ቀጥሎ ጠቋሚውን አስቀምጡና አልት እና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ። ፊደሉ 1230 ወደሚል ቁጥር ከተቀየረ ትክክለኛ ዩኒኮድ ነው። መልሳችሁ ስትጫኑት ሰ ይሆናል። የተለመዱት የአማርኛ ፊደሎች ሁሉ በ12 ወይም በ13 በሚጀምር ቁጥር ነው የሚመጡት። ሌላ ነገር ከመጣ የድሮ ሰነድ ይዛችኋል። ይህን ፍተሻ ስክሪን ላይ አምሮ የሚታይ ሰነድ ላይም ሞክሩት። ወርድ ውስጥ ቆንጆ ሆኖ ሳለ ስትፈልጉት የማይገኝ፣ ስልክ ላይ የማይነበብ ፋይል ጉዱ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሄው እንደ ፍላጎታችሁ ነው። አንብቦ ወይም አትሞ ለመገላገል ከሆነ ያንኑ ፎንት ፈልጋችሁ ጫኑ። ስሙን መገመት አያስፈልግም፤ ፎንቱ ባይኖርም ጽሑፉ ላይ ክሊክ ስታደርጉ ወርድ ከላይ ስሙን ይጽፈዋል። ፓወር ግዕዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የድሮውም የዩኒኮዱም ሥሪት አለው፤ ዩኒኮድ የሚለውን ጭናችሁ የድሮውን ሰነድ ብትጠብቁ አይመጣም።

ሰነዱ ወደፊትም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው የሚያዋጣው። ለዚህ የተሠሩ መቀየሪያዎች አሉ። ከቀየራችሁ በኋላ ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ቁጥሮችን፣ ትምህርተ ጥቅስን፣ መሃል ላይ የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላትን ተመልከቱ። መቀየሪያው ፎንቱን ካልለየ እንግሊዝኛውንም አማርኛ አድርጎት ቁጭ ይላል። ዋናውን ፋይል አታጥፉ። አንድ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ከሆነ ግን ምክሬ ሌላ ነው፦ አትሙትና እያያችሁ እንደገና ጻፉት። ፎንትና መቀየሪያ ፍለጋ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው የሚወስደው።

እኔ ጋ ደህና ነበር፣ ማተሚያ ቤት ሲከፈት ተበላሸ

የሰርግ ጥሪ ካርድ ይዞ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። ቤት ውስጥ በሚያምር ፊደል የተጻፈው የሙሽሮቹ ስም ማተሚያ ቤት ሲከፈት ተራ ፊደል ይሆናል፣ መስመሩም ይሰበራል። ወርድ የሚሸከመው የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን አይደለም። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ያ ፎንት ከሌለው ያገኘውን ይተካል።

ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። ከዚያ በአክሮባት ሪደር ክፈቱትና ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንትስ የሚለውን ተመልከቱ። በእያንዳንዱ ፎንት ስም አጠገብ ኢምቤድድ ወይም ኢምቤድድ ሰብሴት የሚል ካለ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ከሌለ ገና ከቤት ሳትወጡ አስተካክሉ። የግድ ወርድ ይምጣልኝ ካሏችሁ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ኢምቤድ ፎንትስ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ሠሪው የከለከለው ፎንት ካለ ግን ይህም አይሠራም።

በኢለስትሬተር የተሠራ ከሆነ ክሪኤት አውትላይንስ ብሎ ፊደሉን ወደ ቅርጽ መቀየር ይቻላል። ሲቀየር ግን የፊደል ስህተት ማረም አይቻልም። የሙሽራዋ አባት ስም ላይ ስህተት ከተገኘ ምን እንደሚመጣ አስቡት፤ ያልተቀየረ ኮፒ አስቀሩ።

ጫንኩት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም

ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። ካልሆነ ፋይሉን እዩ። ዚፕ ከሆነ መጀመሪያ ፍቱት። መጨረሻው ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ መሆን አለበት፤ ዎፍ የሚል ከሆነ ለድረ ገጽ የተሠራ ስለሆነ አይጫንም። ኤግዚ የሚል ፎንት ከመጣላችሁ ደግሞ አትንኩት። ፎንት ፕሮግራም አይደለም።

ስሙም ያሳስታል። የፋይሉ ስምና ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ስም ሊለያይ ይችላል። ዋሽራ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት በዋሽራ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ኢትዮፒክ ከሚለው ስር እዩ።

ሌላው፣ ዊንዶውስ 10 በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ ተራ ዳብል ክሊክ ፎንቱን የሚጭነው ለእናንተ አካውንት ብቻ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም እዚያ አያይም። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ በሉ። የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል።

ኖቶን ከጉግል ፎንትስ ያወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ዚፑ ውስጥ አንድ ትልቅ ፋይልና ስታቲክ የሚባል ፎልደር አለ። ትልቁ ፋይል ቀጭኑንም ወፍራሙንም አንድ ላይ የያዘ ነው፣ ወርድ ግን በደንብ አይጠቀምበትም። ስታቲክ ውስጥ ያሉትን ጫኑ።

ከመሃል አንዳንድ ፊደል መልኩ ይለያል

ፎንቱ ያ ፊደል የለውም፤ ኮምፒውተሩ ከሌላ ተበድሮ አስገብቷል። ለርዕስ በሚሠሩ የጌጥ ፎንቶች ላይ የተለመደ ነው። አንድ ፎንት ከመምረጣችሁ በፊት ይህን መስመር ጻፉበት፦ ቨ ኧ ሏ ቋ ጧ ፩ ፲ ፻ ፤ ። አንዱ እንኳ ከሌሎቹ ከተለየ ለረጅም ጽሑፍ አትጠቀሙበት። ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ፊደሎች የተወሰኑት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2005፣ ሌሎቹም በ2021 ስለሆነ የቆየ ፎንት ላይ አይገኙም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤልን በአዲሱ ሥሪት ሞክሩ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ደማቅ ስታደርጉት ፊደሉ የሚጨማለቅ ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ደማቅ ዓይነት የለውም። ኒያላም አቢሲኒካም የላቸውም፤ ወርድ በግድ ነው የሚያወፍራቸው። በትንሽ መጠን ጨ እና ጩ አይለዩም። ለደማቅ ጽሑፍ ኢብሪማ ወይም ኖቶ ይሻላል።

ወርድ ፎንቱን በራሱ ይቀይርብኛል

ሆም ላይ ኖርማል የሚለውን ስታይል ራይት ክሊክ፣ ሞዲፋይ፣ ከዚያ የአማርኛ ፎንታችሁን ምረጡ። ጽሑፉን እየመረጡ መቀየር አዲስ አንቀጽ በተጀመረ ቁጥር መልሶ ያደክማል።

ዝርዝሩ በዛ፣ ኮምፒውተሩም ተጎተተ

ለዕለት ሥራ ሦስት አራት የአማርኛ ፎንት ይበቃል ባይ ነኝ። ሌላውን ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ ሲያስፈልግ ጫኑት። ማክ ላይ ፎንት ቡክ ሁለቴ የተጫኑትን ምልክት አድርጎ ያሳያችኋል፣ ሳታጠፉም ማቦዘን ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ፎንትስ ውስጥ ገብታችሁ አንድ በአንድ አንሱ። ሲጎዪ፣ ኤሪያልና ታሆማን አትንኩ፤ ዊንዶውስ ራሱ ይጠቀምባቸዋል። ፎንቱ ሥራ ላይ ነው ብሎ አልጠፋም ካለ ፕሮግራሞቹን ዘግታችሁ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ወርድን ሳትከፍቱ ሞክሩ።