ለሁለት ቀን ሐዋሳ ስትመጡ ባታደርጓቸው የምመርጣቸው ነገሮች

ሐዋሳ ቤት ያለው ሰው ሳይቀጠር አስጎብኚ ነው። ሐሙስ ማታ ስልኬ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ፤ ወይ አዲስ አበባ ሥራ የያዘ አብሮ አደጌ ነው፣ ወይ ከውጭ ለወር ዕረፍት የመጣ ዘመድ። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ቅዳሜ እንመጣለን፣ እሁድ እንመለሳለን፤ ምን ምን እንይ?» ለእኔ ደግሞ ምን እንደሚያዩ ከመንገር ምን እንዳያደርጉ መንገር ይቀለኛል። ትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ዕረፍቱንም እንደ ሥራ ይዞት ነው የሚመጣው። ሰባት ቦታ ወረቀት ላይ ጽፎ ይመጣና ሰባቱንም በመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መነሳት

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን አይተው «ሦስት ሰዓት ይበቃናል» የሚሉ አሉ። እስከ ባቱ ፈጣን መንገዱ ያስሮጣል፣ እውነት ነው። ከባቱ ወዲህ ግን አስፋልቱ የሁሉም ነው፤ የጋሪው፣ የባጃጁ፣ ከብት የሚነዳው ልጅ፣ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ። ሻሸመኔ ላይ ደግሞ የባሌው፣ የወላይታውና የሐዋሳው መንገድ ስለሚገናኙ ከተማዋን ማለፍ ብቻውን ትዕግሥት ይጠይቃል። አራት አምስት ሰዓት ያዙ። ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ አራት ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው እዚህ ሲደርስ ምሳ አልፏል፣ ሐይቁም በነፋስ ይናጣል። ቅዳሜ መንገድ ላይ ቀረች ማለት ነው።

ከተቻለ አርብ እኩለ ቀን ላይ ተነሱ። ካልሆነ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ውጡ። በጨለማ መንዳት ግን ይቅርባችሁ፤ መብራት የሌለው ጋሪና አስፋልት ላይ የተኛ ከብት በፍሬን ጥሩነት ብቻ አይታለፉም። ከመነሳታችሁ በፊት እዚህ ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። እኛም ወደ እናንተ ስንመጣ እንጠይቃለን።

መንገድ ላይ ያለውን ሐይቅ ሁሉ «በዚያው» ማየት

የስምጥ ሸለቆው መንገድ ሆዳም ያደርጋል። ቆቃ አለ፣ ዝዋይ አለ፣ አቢጃታ፣ ሻላና ላንጋኖ አሉ። «በዚያው እንያቸው» የሚል ሰው ግን አንዱንም አያይም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። አንዱን ምረጡ። መዋኘት ለሚፈልግ ላንጋኖ ነው፤ ውሃው ቡናማ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ዝም ብሎ ቆሞ ማየት ለሚወድ ሻላ አለ። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጥልቁ እሱ ነው። አቢጃታ ሌላ ታሪክ አለው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ውሃው በጣም ስለሸሸ ዳሩ ሰፊ ጭቃማ ሜዳ ሆኗል። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ለስላሳ ነው። ፍላሚንጎ ፎቶ ለማንሳት መኪናቸውን ወደ ውሃው አስጠግተው በትራክተር የወጡ ሰዎች አውቃለሁ። በእግር ሂዱ፣ ያውም ከአካባቢው ሰው ጋር።

የድንጋይ ሐውልት ማየት የሚወድ ደግሞ መመለሻውን ከባቱ ወደ ቡታጅራ ቢያጥፍ ጢያን ያገኛል። ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። ይህን ካደረጋችሁ ግን ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ጠዋቱን መተኛት

ከስህተቶች ሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሐዋሳ ጠዋት ናት። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ያድራሉ፣ ንጋት ላይ ያወጡታል። ጀልባዎቹ የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል ሲደርሱ ገና ፀሐይዋ አልሞቀችም። ቆሮሶው ለብቻ፣ ባለ ጢሙ አምባዛ ለብቻ ይለያል። ልጆቹ ቢላዋቸውን ይዘው ቁጭ ብለው ቆዳውን የሚገፉበትን ፍጥነት ዓይን አይከተለውም። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ይቆማሉ፤ ራሰ በራ፣ ረጃጅም፣ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌዎች የሚመስሉ፣ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው እየጠበቁ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጦጣዎቹ የያዛችሁትን ሙዝ ከእናንተ ቀድመው ያዩታል። አንድ ሰሃን የዓሣ ሾርባ ከሚጥሚጣ ጋር ከጠጣችሁ ቀኑ ተጀመረ ማለት ነው።

እንግዶቼ አርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ያመሻሉ። ከዚያ የሆቴል ቁርስ አራት ሰዓት ላይ በልተው «በል የዓሣ ገበያውን አሳየን» ይሉኛል። በዚያ ሰዓት የማሳያቸው ሽታውንና የጠገቡትን አሞራዎች ነው።

ጀልባም እንዲሁ ነው። ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጡትን ለይቼ አንድ ነገር ላስታውስ፦ ሰዓት። ዋሽንግተን ተወልዳ ያደገች የአክስቴ ልጅ አላት አንድ ጉድ። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ትኮራበታለች። ከጀልባው ልጅ ጋር ራሷ ተነጋግራ «አንድ ሰዓት» ብለው ተቃጠሩ። እኔም ጣልቃ አልገባሁም። በማግስቱ ምሳዋን በልታ፣ ኮፍያዋን አድርጋ፣ በስልኳ ሰዓት ልክ አንድ ሲል ደረሰች። ልጁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ነበር። «እህቴ፣ እኔስ ጠበቅኩሽ፤ ነፋሱ ግን አልጠበቀሽም» አላት። ስልካችሁ የሚያሳየው ሌላ፣ ሰው የሚነግራችሁ ሌላ መሆኑን እያወቃችሁም ቢሆን «ጠዋት ወይስ ከሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ፣ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ሰጥተዋችሁ ከሆነም ልበሱት። ብዙ ሰው መቀመጫ ያደርገዋል።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘት

የሰፈር ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ። እኔም በልጅነቴ ዋኝቻለሁ። ግን አትዋኙ።

አንደኛው ምክንያት ቢልሃርዚያ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ዳር ዳር ባለው ሣርማ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አድጎ ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ውሃ መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን ነክሮ መቆም ይበቃል። ምልክቱ ሳምንታት ቆይቶ ስለሚመጣ ወደ ውጭ የተመለሰ ሰው ከሐዋሳ ጋር አያገናኘውም፣ የዚያ አገር ሐኪምም ቶሎ አይጠረጥረው ይሆናል። ውሃው ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩት። ምርመራ አለው፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለው።

ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ አካባቢ በጀልባ ሄዶ ከሩቅ ማየት ደስ ይላል። ስህተቱ የጀልባውን ልጅ «ትንሽ ጠጋ በል፣ ፎቶው አልታየም» እያሉ በጉርሻ ማባበል ነው። ልጁ አደጋውን ያውቃል፣ ግን ብሩንም ይፈልጋል፤ አታስቸግሩት። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ስለሚወጣ፣ ከከተማ ራቅ ባለው የሐይቁ ዳር በጨለማ ሽርሽር ማለትም አይመከርም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም። የወረወራችሁት ፕላስቲክ ወደ ሌላ ሰው አገር አይሄድም፤ እኛው ጋ ይቀራል።

ጥሬ ዓሣ «ለመሞከር»

ከአዋዜና ከሎሚ ጋር የሚበሉት አሉ፣ ወዳጆቼም ናቸው። እኔ አልበላም። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ ሎሚ ደግሞ እሳት አይደለም። ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ዱለቱ እያለ ምን አስቸኮላችሁ?

ከሪዞርት ግቢ አለመውጣት

ኃይሌ ሪዞርትም ሆነ ሌሎቹ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ጥሩ ናቸው፣ ሣሩም ወንበሩም ይመቻል። ግን ሁለቱን ቀን እዚያው አሳልፎ «ሐዋሳን አየሁ» ማለት ከባድ ነው። ፀሐይዋ ስትበርድ ታቦር ተራራ ውጡ። ትልቅ ተራራ አይደለም፤ ደህና ጫማ፣ ውሃና አብሮ የሚወጣ ሰው ይበቃል። ከላይ ሆኖ ከተማው በአንድ ወገን፣ ሐይቁ በሌላ ወገን ይታያል። ሳይጨልም ውረዱ። ማታ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ በእግር ዙሩ፤ የሐዋሳ ሰው ራሱ የሚናፈሰው እዚያ ነው። ወባ ያለበት አገር መሆኑን ግን አትርሱ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ያዙ፣ አልጋችሁ አጎበር እንዳለው እዩ።

ምግብም እንደዚሁ። አዲስ አበባ የምትበሉትን ክትፎ እዚህ ድረስ መጥታችሁ አትዘዙ። ቡርሳሜ ጠይቁ፤ ከእንሰት የሚዘጋጅ፣ በቅቤ የራሰ የሲዳማ ምግብ ነው፣ ከእርጎ ጋር ሲሆን ነፍስ ይዘራል። አስተናጋጇ «ዳኤ ቡሹ» ካለቻችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቷ ነው።

ወንዶ ገነት፣ ይርጋለምና ሰንቀሌ በአንድ ቀን

አይሆንም። ወንዶ ገነት ለፍል ውሃው ጠዋት በማለዳ፤ እሁድ ረፋድ ላይ ከሆነ ውሃው ሳይሆን ሰው ውስጥ ነው የምትገቡት። ይርጋለም ለደኑና ለቡናው፤ አንድ ሌሊት ካላደራችሁ ተዉት። ሰንቀሌ ቆርኬ የሚባለውን የዱር እንስሳ ማየት ለሚወድ፤ ልጆች ካሏችሁ እሱን ምረጡ።

ቀን መቁጠሪያ አለማየት

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ይነግሣል። ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ አልጋ በዋዜማው አይገኝም። «ጸጥ ያለ ዕረፍት» ፈልገው በዚያ ቀን መጥተው እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ያደሩ አሉ፣ አልከፋኝም።

ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑ ቋሚ አይደለም። የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ነው የዘመን መለወጫውን የሚወስኑት። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አስቀድማችሁ ጠይቁና አልጋ ያዙ፤ ሰዉ ባህላዊ ልብሱን ለብሶ ሶሬሳ ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ ቦታ ሲሰበሰብ ማየት ከየትኛውም የጀልባ ሽርሽር ይበልጣል። «አይዴ ጫምባላላ» ካሏችሁ በዚያው ቃል መልሱ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ፤ በዓል ነው እንጂ ትርዒት አይደለም።

እሁድ ማታ ዓሣ በፌስታል ጭኖ መመለስ

እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ መንገድ ብትጀምሩ በቀን ብርሃን ቤታችሁ ትገባላችሁ። «አንዴ ቡና ጠጥተን» ያለ ሁሉ ሞጆን በጨለማ ነው የሚያልፈው።

ዓሣውን በተመለከተ፦ ግዙ፣ ለአጥማጁም ጥሩ ነው። ጣት የምታህለውን ግን አትግዙ፣ ገና ልትወልድ ነበር። ጠዋት ግዙ፣ አንጀቱን አስወጡ፣ አይስ ቦክስና በረዶ ይዛችሁ ኑ። አንድ አብሮ አደጌ አሥር ኪሎ ቆሮሶ በሁለት ፌስታል አድርጎ፣ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ፣ ላንጋኖ ላይ «ለአንድ ሰዓት» ጎራ ብሎ ነበር። ጊዜው መጋቢት ነው፣ ቆላው ይግላል። አዲስ አበባ ሲደርስ ባለቤቱ ዓሣውን ሳይሆን መኪናውን ነው ግቢ አታስገባ ያለችው። መኪናውን ሊሸጥ ሲያሳይ ገዢው በሩን ከፍቶ ትንሽ ቆመና፣ «ወንድሜ፣ ሐዋሳ ታውቃለህ?» አለው።