የአንድን ትልቅ ቁጥር ባህርያት በወረቀትና በእስክርቢቶ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ስለ አንድ ሙሉ ቁጥር ልናውቅ የምንፈልገው አብዛኛው ነገር ብቸኛ አካፋዮቹ ውስጥ አለ። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ነው። 3,675,672ን ይዘን እንሥራ።

መጀመሪያ የቁጥሩን መጨረሻ ይመልከቱ። በ2 ስለሚያልቅ ተጋማሽ ነው፤ ለ5 ግን አይካፈልም። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 672 ናቸው፤ 672 ለ8 ስለሚካፈል ቁጥሩም በሙሉ ለ8 ይካፈላል። 1,000 ራሱ የ8 ብዜት በመሆኑ ከፊት ያሉት አሃዞች ምንም ቢሆኑ ለውጥ አያመጡም።

ቀጥሎ አሃዞቹን ይደምሩ፦ 3+6+7+5+6+7+2=36። ድምሩ ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። ታዲያ ሳይውሉ ሳያድሩ ያካፍሉት። አካፋይ ባገኙ ጊዜ ሁሉ ቁጥሩን ማሳነስ ቀሪውን ድካም በእጅጉ ያቀልላል። ውጤቱ 408,408 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ውጤቱን ያስተውሉት፤ 408 ሁለት ጊዜ ተጽፏል! 408,408 ማለት 408,000 ሲደመር 408 ነው፤ ይኸውም 408×1,001። 1,001 ደግሞ 7×11×13 ነው። ሦስት ብቸኛ አካፋዮች በአንድ እይታ ተገኙ። የቀረው 408 ሲሆን እሱም 8×3×17 ነው። ሁሉም ሲሰበሰብ፦

3,675,672 = 2³×3³×7×11×13×17

አሁን አካፋዮቹን ይቁጠሩ። ማንኛውም አካፋይ በውስጡ 2ን ምንም፣ አንዴ፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ አራት ምርጫ አለ። ለ3ም እንዲሁ አራት፤ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ሁለት። 4×4×2×2×2×2=256 አካፋዮች አሉት ማለት ነው።

የአካፋዮቹ ድምርም ከዚሁ ይወጣል፦ (1+2+4+8)×(1+3+9+27)×8×12×14×18=14,515,200። ቁጥሩን ራሱን ቢቀንሱ እንኳ 10,839,528 ይቀራል፤ የቁጥሩን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው።

አንድ ቁጥር ከራሱ ጋር ተባዝቶ 3,675,672ን ይሰጣል? አይሰጥም። ለዚያ አርቢዎቹ (እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚያሳዩት ቁጥሮች) ሁሉ ተጋማሽ መሆን ነበረባቸው፤ እዚህ ግን 3 እና 1 ናቸው። እንዲሆን ከተፈለገ ሊባዛበት የሚገባው ትንሹ ቁጥር 2×3×7×11×13×17 ነው፤ እሱም 102,102 ሆኖ ይወጣል።

ሁሉም ቁጥር እንዲህ እጁን አይሰጥም። ትንንሽ አካፋዮች ሲጠፉ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ መሞከር ግድ ነው፤ መቆሚያው የቁጥሩ ስኩዌር ሩት (ከራሱ ጋር ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ነው። ለምሳሌ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ብቸኛ ነው ብሎ የገመተው የ4,294,967,297 መቆሚያ 65,536 ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግን በ1732 ቁጥሩ ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ለ64 ሲካፈሉ ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። ስለዚህ የሚሞከሩት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እያሉ ይሄዳሉ፤ አምስተኛው 641 ነው። ሲካፈል የሚገኘው 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው፤ ይህን ለማረጋገጥም ከ2,588 ማለፍ አያስፈልግም።