ከሮክ ኮንሰርት አኩርፎ ላለመመለስ

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ለአንድ የሮክ ኮንሰርት መግቢያ ሁለት ወር ሙሉ ከምሳ ገንዘቡ እየቆነጠረ አጠራቀመ። ቀኑ ሲደርስ እኔም አብሬው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ሜዳ ሄድኩ። ባንዱ ሦስተኛውን ዘፈን ሲጀምር የልጁ ፊት ጥቁር አለ። ዓመት ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው፣ ሲተኛም ሲነሣም ሲያንጎራጉረው የከረመው ዘፈን ነበር። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ጋሼ፣ አበላሹት እኮ!» አለኝ።

አላበላሹትም። እሱም አልዋሸም። ልጁ ትኬት የቆረጠው ቤቱ የሚያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ነው፤ ሜዳው ላይ ያገኘው ግን ስሙ አንድ የሆነ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ወደ ኮንሰርት ስንሄድ የምናደርገውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ሐዋሳን እያሰብኩ ብጽፈውም አዳማ ላለ ሰውም አያንስም።

1. ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡት

ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ከተማው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ፊት ቆም በሉ። ፎቶውን ተዉትና ጽሑፉን ተመልከቱ። «ከሙሉ ባንዱ ጋር» ይላል ወይስ የድምፃዊው ስም ብቻ ነው ያለው? ድምፃዊ ብቻውን መጥቶ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ቢዘፍን በራሱ ነውር የለበትም። ሮክ ብሎ ለሄደ ሰው ግን ጊታርና ድራም የሌለበት መድረክ ቅቤ ያልነካው ቡርሳሜ (የሲዳማ የቆጮ ምግብ) ነው። ካልተጻፈ ትኬት ሻጩን ጠይቁት፦ ጊታር ተጫዋቹ አብሮ ይመጣል? ድራም አለ? ዋናው ባንድ ለምን ያህል ጊዜ ይጫወታል? «ሁሉም አለ» የሚል መልስ ከሰጣችሁ ምንም አልነገራችሁም።

ከዚያ ማስታወቂያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁ የደረሳችሁን መልእክት አታጥፉት። የሚጠቅምበት ቦታ ከታች ይመጣል።

2. የተጻፈው ሰዓት የበሩ እንጂ የባንዱ አይደለም

«ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ትኬት ብዙውን ጊዜ በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ዲጄው፣ ቀጥሎ ጀማሪዎቹ ባንዶች ይወጣሉ፤ የመጣችሁለት ሰው የሚወጣው በመጨረሻ ነው። እኛ ያን ቀን በ10 ሰዓት ደርሰን ዋናው ባንድ መድረክ ላይ የታየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት በእግሩ ለቆመ ሰው መልአክም ቢዘፍንለት አይጥመውም። ሰዓቱ በውጭ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ስድስት መቀነስ እንዳትረሱ፤ 18:00 ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በዚህ ስሕተት ቀጠሮ የተላለፉ ጓደኛሞች አውቃለሁ።

መዘግየት የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተደረገው የዉድስቶክ ፌስቲቫል እሑድ ማታ መዝጊያ ይሆናል የተባለው ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ መድረክ ላይ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠረው ታዳሚ አብዛኛው ሜዳውን ለቆ ሄዶ ነበር።

ስለዚህ ምሳችሁን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ ዓሣ ብሉ፤ አትጣደፉ። እዚያ የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ድረስ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው የሚቆሙትን ትላልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ ካያችሁ ስለ ትዕግሥት ተጨማሪ ምክር አያስፈልጋችሁም። ቀን ሐዋሳ ሞቃት ናት ብላችሁ በሸሚዝ ብቻ አትውጡ፤ ሲመሽ ከሐይቁ የሚነሣ ነፋስ አለ፤ ዝናብም ሳይጠራ ይመጣል። ጫማችሁ ቢረገጥ የማታዝኑበት ይሁን። የመመለሻ ባጃጅ ደግሞ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ዋጋው ሌላ ነው።

3. ዘፈኑን ከስቱዲዮ አውጡት

የኩርፊያው ሥር እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አልበም ላይ የምትሰሙት ጊታር ብዙውን ጊዜ አንድ ጊታር አይደለም። ተጫዋቹ ያንኑ ምት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቀዳዋል፤ አንዱ ወደ ግራ ጆሮ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ጆሮ ይላካል። ግድግዳ የሚያህል ድምፅ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው። ድምፃዊውም አዝማቹ ላይ ሲደርስ ራሱን በራሱ ይቀበላል። ደጋግሞ ከዘፈነው የተሻለው ይመረጣል፤ የተሰናከለው ተቆርጦ ይጣላል። ሮክን ከአገራችን ቅኝቶች ጋር በማዋሐድ የሚታወቀው ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስቱዲዮ ውስጥ የሚጨምረው ነገር የማንም ባንድ ይሁን ሜዳ ላይ ተሸክመው የሚያመጡት ዕቃ አይደለም። መድረክ ላይ ያለው አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ ሁለት እጅ ነው።

ሌላም አለ። ድምፃዊ ከአንድ ሰዓት በላይ መዝፈን ስላለበት ጉሮሮውን ለማዳን ዘፈኑን በግማሽ ወይም በአንድ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ሊዘፍነው ይችላል። ልጁን ያስከፋው አንዱ ነገር ይህ እንደነበር በኋላ ነው የገባን፤ ሽቅብ የሚወጣበትን ቦታ ጠብቆ ዘፈኑ ዝቅ ብሎ አለፈው። በዚያ ላይ ሕዝብ ፊት የቆመ ባንድ ልቡ ስለሚመታ ዘፈኑን ያፈጥነዋል። ድራም መቺው ሳያውቀው ይሮጣል፤ ሌላው ይከተለዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሳምንት አልበሙን ተዉትና ባንዱ መድረክ ላይ የተጫወተውን ቀረጻ ፈልጋችሁ ስሙ። አንዴ አይበቃም፤ የምትወዱትን ዘፈን ሦስት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው ትበሳጫላችሁ። በሁለተኛው የት ቦታ እንደተለወጠ ትለያላችሁ። በሦስተኛው ጊታሪስቱ የጨመራትን ነገር መጠበቅ ትጀምራላችሁ። እግረ መንገዳችሁንም ከአዲሶቹ ዘፈኖች የሁለቱን ግጥም አጥኑ። ባንዱ ሰሞኑን ያወጣውን ማሰማት ይፈልጋል፤ ድምፃዊው ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር የማያውቁትን ግጥም በከንፈራቸው ብቻ የሚያኝኩ ሰዎች መሐል መቆም ያሳፍራል። አድርጌው አውቃለሁ።

«ይህን ዘፈን ካልዘፈኑ ገንዘቤ ከንቱ ነው» ብላችሁም አትሂዱ። በሐምሌ 1965 እ.ኤ.አ. ድምፃዊው ቦብ ዲለን አሜሪካ ኒውፖርት በተደረገ የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ፣ ባንድ አስከትሎ ወጣ። ሕዝቡ ብቻውን ኤሌክትሪክ በሌለው ጊታር የሚያንጎራጉረውን ዲለን ነበር የሚያውቀው። ጩኸትና ተቃውሞ ተነሣ። ከባንዱ ጋር ሦስት ዘፈን ተጫውቶ ወረደ፤ ተመልሶ ብቻውን ሁለት ጨመረላቸው። የጮኹት በኤሌክትሪኩ ነው፣ በተበላሸው የድምፅ ጥራት ነው ወይስ በማጠሩ? ዛሬም ያከራክራል። እኔ ሦስቱም ነው ባይ ነኝ፤ ኮንሰርት ላይ ሰው በአንድ ነገር ብቻ ሲከፋ አላየሁም።

4. የምትቆሙበት ቦታ የትኬቱ ግማሽ ነው

ልጁ የግድ ከፊት እንሁን ብሎ መድረኩ ሥር፣ በስተግራ፣ ከትልቁ ስፒከርና ከቆርቆሮው አጥር መሐል ወሸቀኝ። ከዚያ የባሰ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ትላልቆቹ ስፒከሮች የሚነጣጠሩት ወደ ሜዳው መሐል ስለሆነ መድረኩ ሥር የቆመ ሰው በአብዛኛው የሚሰማው ድራሙንና የጊታሩን ማጉያ ነው፤ የድምፃዊው ድምፅ ከአናቱ በላይ ያልፋል። ቆርቆሮው ደግሞ የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይተፋል። ወፍራሙ ድምፅ ጥግ ላይ ይጠራቀምና ደረት ይመታል እንጂ ዜማ አይሆንም።

በአራተኛው ዘፈን ላይ እጁን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ሜዳው መሐል ላይ የድምፅ ባለሙያው የተቀመጠባት ትንሽ ድንኳን ነበረች። ሰውየው ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል፤ ሚክሰሩን፣ የድምፅ ማስተካከያውን፣ ከካፊያው በካርቶን ክዳን ከልሎታል። ከድንኳኗ ሁለት እርምጃ ያህል ፊት ቆምን። ሰውየው በትንሽ ጣቱ አንዷን ማንሸራተቻ የጥፍር ያህል ከፍ አደረገና የድምፃዊው ድምፅ ጭጋግ ውስጥ እንደቆየ ሰው ብቅ አለ። ቤዝ ጊታር መኖሩንም ያወቅነው ያኔ ነው። ልጁ አላየኝም፤ አፉን ከፍቶ መድረኩን ያያል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰውየው ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ በተቀመጠበት ቦታ ለሚሰማው ጆሮ ነው። ከእሱ አጠገብ ከቆማችሁ የእሱን ጆሮ ተዋሳችሁ። ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ መቶ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው የድራሙ በትር ከወረደ ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው። ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ ዘፈኑ የተዝረከረከ ይመስላል። ነፋስ ካለም ቀጫጭኑን ድምፅ ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል።

ስለ ቪ.አይ.ፒ. ከጠየቃችሁኝ፣ ወንበሮቹ የተደረደሩት ከመድረኩ ጎን ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጎን ያለ ወንበር ለመታየት እንጂ ለመስማት አይሆንም።

5. ጆሯችሁን ሸፍኑ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ዝግጅቶች ባወጣው መመዘኛ የድምፁ መጠን በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ትልቅ ስፒከር አጠገብ ይህ በቀላሉ ይታለፋል። ከስፖንጅ የሚሠራውን የጆሮ መሰኪያ ከፋርማሲ ወይም የሥራ ደህንነት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ግዙ፤ ጥጥ አያድንም። መሰኪያው ዘፈኑን አያጠፋውም፤ እንዲያውም የሚያንባርቀውን ቀንሶ ግጥሙን ሊያጠራው ይችላል።

6. የፈረሰ ቃልና የቀረ ምኞት አትቀላቅሉ

የምትወዱት ዘፈን ካልተዘፈነ፣ ድምፃዊው ጎርነን ካለ፣ ወሬ ካበዛ፣ ያ የቀረ ምኞት ነው፤ ለጓደኛ ይወራል እንጂ ካሳ አይጠየቅበትም። «ሙሉ ባንድ» ተብሎ ድምፃዊው ብቻውን ከመጣ፣ ስሙ የተጻፈው ባንድ ጨርሶ ካልተገኘ፣ ቀኑ ተለውጦ ገንዘባችሁ ካልተመለሰ፣ ያ የፈረሰ ቃል ነው። የርዝመቱ ጉዳይ መሐል ላይ ነው። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶች በ1965 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሺ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት የተጫወቱት 30 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በጊዜው ይህ የተለመደ ነበር። ዛሬ ዋና ባንድ በግማሽ ሰዓት ቢወርድ ሕዝቡ መቆጣቱ አይፈረድበትም፤ ቀድማችሁ ጠይቁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቃል ከፈረሰ በር ላይ አትጩኹ። በር ጠባቂው የማንንም ገንዘብ አልያዘም። በማግስቱ አዘጋጁ ዘንድ ሂዱ፤ የማስታወቂያውን ፎቶና የክፍያውን መልእክት አሳዩ፤ የምትፈልጉትን በቁጥር ተናገሩ፦ ሙሉው ይመለስ ወይስ ግማሹ? እኔ አንድ ጊዜ ቀኑ በተዛወረ ዝግጅት ገንዘቤን ያገኘሁት በፎቶው ነው፤ ፎቶ ያላነሣው ጎረቤቴ «እንዲህ አላልንም» ተብሎ ተመለሰ። አዘጋጁ እምቢ ካለ ወደ ከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት አቤት በሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የአዋጁን ቁጥር በእርጋታ መጥራት ብቻውን የአዘጋጁን ድምፅ ሲቀንሰው አይቻለሁ።

7. የዚያኑ ሌሊት አልበሙን አትክፈቱ

ጆሯችሁ ገና እየጮኸ አልበሙን ከሰማችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስታነጻጽሩ ታድራላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። በስልክ መቅረጽም ቢሆን አንድ ዘፈን ይበቃል፤ የስልክ ማይክሮፎን እንዲህ ያለውን ጩኸት አይችለውም።

በማግስቱ ልጁ የቀረጸውን አሳየኝ። ምስሉ የሰው ማጅራት ነው፤ ድምፁ የቆርቆሮ መንቀጥቀጥ። ሦስተኛው ዘፈን አልቆ አራተኛው እንደጀመረ የኔ ድምፅ ይሰማል፦ «አንተ ልጅ፣ ና ወደ ኋላ እንሂድ!» ምስሉ ይናወጥና ይቋረጣል። ከድንኳኗ ፊት የሰማናቸው ዘፈኖች የት አሉ ብዬ ጠየቅኩት። ስልኩን አገላብጦ ፈለገ። አልቀረጻቸውም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ረስቶት ነበር።