ጭምብላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ በሰው አገር ፔይንትቦል ለመጫወት

ሥራዬ ከአገር አገር ያዞረኛል። ከሻንጣዬ የማይጠፋ ነገር ቢኖር በቀለም የተሞላ ኳስ እየተተኮሰ የሚካሄደው ጨዋታ፣ የፔይንትቦል፣ ጭምብሌ ነው፤ ውስጡን በካልሲ ሞልቼ፣ መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ። ማርከሬ፣ ማለትም ኳሱን የምተኩስበት መሣሪያ፣ ግን ቤት ይቀራል።

ድሮ ሁሉንም ይዤ ነበር የምጓዘው። አንድ ጊዜ አየር ማረፊያ ላይ ኳሱን የሚገፋው የታመቀ አየር የሚሞላበትን የአየር ጠርሙሴን አስቀሩብኝ። ባዶ ነው ብዬ ብከራከርም ፈታሹ በምን ይመነኝ? ባዶነቱ የሚረጋገጠው አፉ ላይ ያለው የአየር መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተሩ) ተፈትቶ ውስጡ በዓይን ሲታይ ነው፤ የአሜሪካ የበረራ ደህንነት ደንብም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠርሙሱ አልፎ ቢደርስ እንኳ የአገሩ የፍተሻ ማህተም ከሌለበት አንሞላም የሚሉ ሜዳዎች አሉ። የሚሞላው አየር እስከ 300 ባር ስለሚደርስ አልፈርድባቸውም። ማርከሩ ራሱ አንዱ አገር እንደ መጫወቻ፣ ሌላው እንደ መሣሪያ ይታያል። ስለዚህ ተከራዩ። ጭምብል ግን በፊታችሁ ልክ የሆነ፣ ጉም የማይዘው፣ የራሳችሁ ይሁን።

የኪራይ ማርከር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የመጀመሪያውን ጨዋታ የተጫወቱት 12 ሰዎች የያዙት ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ የተሠራ ሽጉጥ ነበር። ያሸነፈውም አንድም ጊዜ ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን የሰበሰበ የደን ሠራተኛ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሜዳው ጻፉና አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ብቻውን ለሚመጣ ሰው ክፍት የሆነው ቀን መቼ ነው? ብዙ ሜዳዎች በሌላው ቀን የሚቀበሉት በቡድን ቀጠሮ የያዘን ነው፤ እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ የሰው ልደት ላይ ደርሻለሁ። ኳስ ከውጭ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ፤ አብዛኛው ቦታ አይፈቀድም።

የሚተኮሰውን ኳስ ፍጥነትም እወቁ። ብዙ አገር ጣሪያው በሴኮንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ማርከር ለመያዝ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ማርከሩም በባለአምስት ማዕዘን ውስጥ የ«ኤፍ» ምልክት ያለበትና ጉልበቱ ከ7.5 ጁል ያልበለጠ መሆን አለበት። ሦስት ግራም ለሚመዝን ኳስ ይህ በሴኮንድ 71 ሜትር ያህል ነው። እዚያ በተጫወትኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ኳሶቼ ሁሉ ከምሽጉ በፊት እየወደቁ አስቸገሩኝ። ማርከሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከፍ አድርጌ ማነጣጠር ስጀምር ተስተካከለ።

ቋንቋ ባትችሉ አትፍሩ፤ አራት ነገር ብቻ በአገሩ ቋንቋ አጥኑ፦ «ተመታሁ»፣ «ተኩስ አቁም»፣ «ዳኛ፣ እየኝ»፣ «ጭምብል»። እጅን ከፍ ማድረግ የትም «ወጥቻለሁ» ማለት ነው። ከሜዳ ስትወጡ አፈሙዙን በመሸፈኛው ሸፍኑ። መስታወታችሁ ጉም ከለበሰ ባላችሁበት ዝቅ ብላችሁ ዳኛ ጥሩ እንጂ በምንም ምክንያት ጭምብሉን ከፍ አታድርጉ። ይህን ስል እየለመንኳችሁ ነው፤ የተመታ ዓይን አይመለስም። በቅርብ ርቀት ሳይተኩሱ «እጅ ስጥ» ማለት ግዴታ ስለመሆኑና ማርከሩ ላይ ያረፈ ኳስ እንደመመታት ስለመቆጠሩ ደንቡ ከሜዳ ሜዳ ይለያያልና ከጨዋታው በፊት በሚሰጠው ማብራሪያ ላይ ጠይቁ።

ወዳጅ የሚገኘው ግን በአተኳኮስ አይደለም። ጀርመን በተጫወትኩበት በዚያ የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት ብቻዬን በርሜል ጀርባ ተኝቼ አንድ ኳስ ሆፐሬ (ማርከሩ ላይ ያለው የኳስ ማጠራቀሚያ) ላይ ፈነዳ። ዳኛው አላየም፤ የተኮሰው ሰውዬም ያየ አልመሰለኝም። እጄን አንስቼ ወጣሁ። በእረፍት ሰዓት ያ ሰውዬ፣ በእጁ እየሳበ የሚተኩስ አሮጌ ማርከር የያዘ ሽማግሌ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በቋንቋ አንግባባም። እንጨት አንስቶ ምሽጎቹን መሬት ላይ ሣለልኝና እኔ ከየት፣ እሱ ከየት እንደምንሮጥ በቀስት አሳየኝ። የሚቀጥለውን ዙር የራሱ ቡድን ውስጥ አስገባኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቶሎ አትሂዱ። ሳር ውስጥ የተበተኑትን ባዶ የኳስ መያዣዎች ልቀሙ፣ የተከራያችሁትን ጠርጋችሁ መልሱ (ቀለሙ በውሃ ይለቃል)፣ የቀጣዩ ሳምንት ጨዋታ የሚነገርበት የስልክ ቡድን ካለ እንዲያስገቧችሁ ጠይቁ። እኔን ሽማግሌው ራሱ ነው ስልኬን ተቀብሎ ያስገባኝ። አሁን ወደዚያ አገር ጉዞ ሲወጣልኝ ሆቴል ከመያዜ በፊት የምጽፍለት ለእሱ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ የጨዋታው ቀንና የመነሻ ሰዓት ብቻ ነው።